የለቅሶው ዝናብ

ዝናብም ጸባይ አለው አሉ። እኔ ደግሞ ከቀበሌ የጸባይ ወረቀት የሚጠየቀው ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሚሌኒየሙን ባከበርን በማግስቱ ዓመት፣ ግንቦት መግቢያ ላይ፣ ሰይፈሥላሴ የሚባል ወጣት ባለሙያ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ግቢዬ ድረስ መጣና «በደረቅና ሞቃታማ አካባቢዎች የዝናብ ጸባይ» የሚል ጥናት እየሠራ እንደሆነ ነገረኝ። ደረቅና ሞቃታማ፣ ቃሊቲ! ሐምሌ ላይ ጭቃው ከነቦቲ ጫማችን የሚውጠንን ሰዎች! ጥናቱ የቆላው እንደሆነ፣ አቃቂ ቃሊቲ ግን «ለማነጻጸሪያ» እንደተመረጠች አስረዳኝ። እኔ እንደገባኝ የተመረጠችው አስፋልት ስላላትና ጠዋት የወጣን ባለሙያ ለምሳ ቢሮው ስለምትመልስ ነው። ቆላ ወርዶ ማን ወባ ይሸምታል?

ቀናው እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግቢዬ ዛፍ ስለሌለበት ልጁ ከመምጣቱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ የቆርቆሮ የዝናብ መለኪያ ተከሉበትና እኔን ጠባቂው አደረጉኝ። ሥራው ቀላል ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በመስታወት መስፈሪያ እሰፍርና ቁጥሩን ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። ካልዘነበ ዜሮ እጽፋለሁ። ዜሮ ለመጻፍም ሰው ያስፈልጋል።

ልጁ ቅጾቼን ሲያገላብጥ ሊስመኝ ምንም አልቀረውም። የሌሎቹ መዝገብ ወንፊት ነው አለኝ፤ አንዱ ሲታመም ባዶ፣ አንዱ ገበያ ሲሄድ ባዶ። የእኔ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ሰረዝ የለችበትም። እንዴት ትኖርበታለች? ፋብሪካ ቤት ሰረዝ ማለት ቀሪ ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰረዝ ስሸሽ የኖርኩ ሰው ጡረታ ወጥቼ በገዛ እጄ ልጻፋት? በሳምንቱ በመስታወት የታሰረ የምስክር ወረቀት አመጣልኝ። ከሠርግ ፎቶዬ ጎን ሰቀልኩት።

ሠፈሩ ግን ከጥናቱ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ከቤቶቻችን ጀርባ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚወርድ ፈፋ አለ። በየክረምቱ ዳሩን እየበላ እየበላ የዘኪያ ማድ ቤት ጀርባ ደርሷል። ዘኪያ የወሎ ሰው ናት፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፤ ባሏ ደርዊሽ የጭነት መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን በርበሬ እየነገደች ታሳድጋለች። ከማድ ቤቷ ግድግዳ እስከ ገደሉ አፍ አራት እርምጃ ቀርቶ ነበር፤ ራሴ ነኝ የለካሁት። ቀበሌው የድንጋይ ግንብ እንሠራለን ካለ ወዲህ ሦስት ሊቀ መንበር ተቀያይሯል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሥራ ሁሉ በጥናት ሆነ ተባለ። በአንድ ቀን ከአምሳ ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ሠፈር ከሆነ ግንብ ይሠራል፣ ካልሆነ አካፋና «የሕዝብ ተሳትፎ»።

በግንቦት መጨረሻ አዳራሽ ተጠራን። ባለድርሻ አካላት አሉን፤ ድርሻችን አንዳንድ ጠርሙስ ውሃ ነበር። ሰይፈሥላሴ መድረክ ላይ ወጥቶ የሠፈራችን ዝናብ የተረጋጋና በየቀናቱ የተከፋፈለ መሆኑን አበሠረን። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በአንድ ቀን የዘነበው ትልቁ ዝናብ አርባ አንድ ሚሊ ነው። ስለዚህ ግንብ አያስፈልግም። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ዘኪያ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

ደሜ ፈላ። ተነሣሁና ልጄ፣ ያጠናኸው የየትኛውን አገር ዝናብ ነው አልኩት። ደርዊሽ በሞተ በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ የእድሩን ድንኳን እንዳጎበጠው፣ ጫማችን ድንኳን ውስጥ ሲንሳፈፍ እንደነበረ፣ ሸሁ ዱዓቸውን አግዳሚ ላይ ቆመው እንደጨረሱ ለባለድርሻ አካላት አስታወስኩ። ይሄ ነው የተረጋጋው? ላፕቶፕ ላይ ከማፍጠጥ አንድ ቀን ቀና ብሎ ሰማይ ማየት አይሻልም ወይ ብዬም ጨመርኩበት። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ዘኪያም አጨበጨበች። እኔ እንደሆን በዚያች ሰዓት ሚኒስትር ብሆን አይበዛብኝም ነበር።

ልጁ አልተቆጣም። ቀኑን ብቻ ጠየቀኝ። ሐምሌ አሥራ ስድስት፣ ዘጠና ስምንት አልኩት። ወረቀቶቹን ገላልጦ አንዱን መዘዘ፣ ከመድረኩ ወርዶ አጠገቤ መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባቴ፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ። ከሥሩ ፊርማ፣ ቀናው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ደርዊሽ ሲሞት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ የግድግዳ ጎረቤት ሆኜ ልቅር? መለኪያውን ጨርሶ ረሳሁት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሄጄ ብሰፍር፣ ባለ አሥር ሚሊዋ መስፈሪያ ዘጠኝ ጊዜ ጢም ብላ ሞልታ ሦስት ሚሊ ተረፈ። ዘጠና ሦስት። ላልጻፍኩባቸው ቀናት ሰረዝ ማግባት ሞት ሆነብኝ። ስለዚህ ዝናቡን ለሦስት አካፈልኩት፣ እኩል፣ አንዱም ቀን ሳይበደል። እንዲያውም በፍርዴ ኮርቼ ነበር። ያ ብቻም አይደለም፤ በየለቅሶው ሳካፍል ኖሬአለሁ።

ልጁ ወረቀቱን ለአዳራሹ አላነበበም። እኔው እንዳነበው ያዘልኝ። የእኔ አይደለም ብል ማን ያምነው ነበር? እውነቱን ለመናገር ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ነው፣ የምስክር ወረቀቴ ግድግዳዬ ላይ ነው። ዘኪያ ዞር አለች።

«ምን ይላል ወረቀቱ፣ ጋሽ ቀናው?»

«ያን ዝናብ ለሦስት ያካፈልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ቤትሽ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር።»

መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ቅድም ያጨበጨቡልኝ ራሳቸው ናቸው። የእድራችን ጸሐፊ ሀብተሚካኤል፣ ያ ምላሰኛ፣ «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» ብሎ ተረተብኝ። ዘኪያ ብቻ አልሳቀችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰይፈሥላሴ መዝገቡ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጣላል፣ ወይ መለኪያው ሳይነበብ የቀረበት ቀን ሁሉ ታውቆ ይታረማል አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት እንደዋልኩ ማን ያውቃል? ሀብተሚካኤል ያውቃል። እድራችን ለቅሶ የቀረን ስለሚቀጣ ማን በየትኛው ቀን እንደተቀመጠ፣ ድንኳኑንም በየትኛው ቀን ዝናብ እንደመታው አንድ በአንድ ተጽፏል። ሦስታችን ሦስት ቀን ጠረጴዛ ከበብን፤ በአንድ በኩል የሟቾች መዝገብ፣ በሌላ በኩል የዝናብ ቅጽ። የአሰጋሽ እናት፣ አርባ ስምንት ሚሊ። ነፍሱን ይማረውና ቡልቻ፣ ሰባ አንድ። ከአሥራ አራት ለቅሶ ሥር አሥራ አራት ዝናብ ተቆፍሮ ወጣ። ያ የተረጋጋው ዝናብ ጸባዩ ተጋለጠ፤ ሳምንት ሙሉ ይጠፋና በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለ የሌለውን አራግፎ ይሄዳል። ልጁ ይሄማ የቆላው ጸባይ ነው ብሎ ተገረመ። ይኸው፣ ወባ ሳይዘው ቆላን አገኘልን።

በሰኔ ማኅተም የከበደው ደብዳቤ መጣ። ግንቡ ጸድቋል፣ ጨረታው ጥቅምት ላይ ይወጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ማለት ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በእነሱ መሳቅ ግን አላማረብኝም። ያኔ ዘጠና ሦስት ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግንቡ እስካሁን ሣር አብቅሎ ነበር። ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። የምስክር ወረቀቱን መልስ ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።

ሐምሌ ሃያ ሁለት ከሰዓት በኋላ ያ ጸባዩ የታወቀው ዝናብ መጣ። መጀመሪያ ማድ ቤቱ፣ ቀጥሎ የልጆቹ ክፍል ወደ ፈፋው ወረዱ። ዘኪያ ልጆቿን ይዛ ወጥታ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። በማግስቱ ጠዋት ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እድሩ ማደሪያ ይሆናት ዘንድ ድንኳን ተከለላት፤ ያው የደርዊሽ ለቅሶ ድንኳን ነው። እኔ በአካፋ ጭቃ እዝቃለሁ፣ እሷ ከጭቃው ውስጥ የበርበሬ ከረጢቶቿን ትጎትታለች። ሰዓቴን አየት አደረግሁና እጄን ኪሴ ከተትኩ። አይታኛለች።

«ሂዱ፣ ጋሽ ቀናው» አለችኝ። «ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው። የእኔን ዕቃ ሰው ያነሣልኛል።»

አካፋዬን ጭቃው ላይ ተከልኩ። በዕድሜዬ የሰው ሐዘን መሐል ትቼ ስወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያወጣችኝም ባለሐዘኗ ራሷ ናት። ግቢዬ ገብቼ ሰፈርኩ። ዘጠና ስድስት ሆነ። በአንድ ቀን ጻፍኩት፣ ፈረምኩና ወደ አካፋዬ ተመለስኩ።