የሆንዳው ፓራፋንጎ

ጥላዬ ሆሳዕና ውስጥ ሞተር ብስክሌት ይጠግናል። ከዱራሜም ሆነ ከቦኖሻ፣ ሞተሩ እምቢ ያለው ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። የሚኮራበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አንዴ እጁ የነካውን ሞተር አይረሳም።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት አብሮ አደጉ ወንዳፈረው ጋራዡ ድረስ መጣ። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ፣ አንዱ ሲያገባ ሌላው ሚዜ የሆነለት ጓደኛሞች ናቸው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ወንዳፈረው በካድሬነት ቢሮ ገብቶ ካኪ መልበስ ጀምሯል። ለጥላዬ ግን ያው ወንዳፈረው ነው።

ከደረት ኪሱ ፎቶግራፍ አወጣ። የላይኛው ግማሽ በመቀስ ተቆርጧል። የቀረው ሣር ላይ የቆመ ሞተርና በዙሪያው የተቀመጡ ሰዎች እግር ነው።

«ዱራሜ ያለው አማቼ እንዲህ ያለ ሞተር አግኝቷል» አለ። «መለዋወጫ እንድፈልግለት ዓይነቱን ንገረኝ። የጃፓን ከመሆኑ ሌላ እኔ አላውቅም።»

ጥላዬ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፎቶውን ወደ ብርሃን አወጣው።

«ሆንዳ ነው፤ ዘጠና ሲሲ። በጃንሆይ ጊዜ የገባ አሮጌ ነው። ሲሊንደሩ ወደ ፊት እንደተኛ አየህ?» ከዚያ ሣቅ አለ። «ፓራፋንጎው ግን የራሱ አይደለም። የኋላውን ጭቃ መከላከያ ተመልከት፣ የሱዙኪ ነው። የራሱ ሲሰበርበት እኔ ነኝ የገጠምኩለት። እንዲህ ያለ ሆንዳ በአገሩ አንድ ብቻ ነው፤ የአበራ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የእጄን ሥራ ልስተው?»

ወንዳፈረው ፎቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ሻይ እንጠጣ ቢለው ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ።

አበራ የጥላዬ ታናሽ እህት፣ የጣቢታ ባል ነው። ቦኖሻ ክሊኒክ በድሬሰርነት ይሠራል። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ደግሞ በድብቅ በዚያች ሆንዳ ሌሞ ገጠር እየዞረ፣ ምእመናኑን እንሰት ጓሮ ሰብስቦ ቃሉን ያካፍላል። ጥላዬ ይህን ያውቃል። ፎቶው ከዚያ የተነሣ ይሆናል ብሎ ግን አላሰበም፤ ዓይኑ ከሞተሩ ላይ መች ተነሣና።

በሦስተኛው ቀን አበራን ከክሊኒኩ ወሰዱት። በማግስቱ ጥላዬም ወደ ወንዳፈረው ቢሮ ተጠራ። አንድ የማያውቀው ሰው ወረቀት አነበበለት፤ «የእጄን ሥራ ልስተው» ያለው ሳይቀር ተጽፏል። ወንዳፈረው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጻል።

«ያላልከው ነገር አለበት?» አለው ሰውየው።

የለበትም። ጥላዬ ፈረመ። ሲወጣ ወንዳፈረው በሩ ላይ ደረሰበት።

«እኔ ባልጠይቅህ ሌላ ይጠይቅህ ነበር» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለሌላ አልነግርም ነበር» አለ ጥላዬ።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ጣቢታ ቤት ሄደ። ከሰው ከምትሰማ ብሎ፣ ከፎቶው እስከ ፊርማው አንድም ሳያስቀር ነገራት። ጣቢታ እስኪጨርስ ጠብቃ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው ስታይ፣ ይሄ የምን ስብሰባ ነው አላልክም?»

«አላልኩም።»

ጣቢታ ለባሏ ስንቅ ልትቋጥር ተነሣች።

አበራ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ተፈታ። ጥላዬ ሊጠይቀው ሲሄድ ጸጉሩ ሸብቶ፣ አንድ ትከሻው ዝቅ ብሎ አገኘው። ከሰላምታው በኋላ አበራ ተናገረ።

«ሞተሩን ማን ጠገነልህ ሲሉኝ፣ ሻሸመኔ ነው ያስጠገንኩት አልኳቸው። አንተን እንዳይነኩህ ብዬ ነው። አንድ ወር ሙሉ በዚያው ጸናሁ። በመጨረሻ ፊርማህን አሳዩኝ።»

ጥላዬ አቀረቀረ።

«የደከመኝ ያኔ ነው» አለ አበራ። «ግርፋቱ አይደለም።»

ይቅር ብዬሃለሁም አለው፤ ከልቡ ነበር። ጣቢታ ግን ጓዳ ሆና ይህን ሁሉ እየሰማች፣ ወጥታ ሰላም አላለችውም።

ጥላዬ ተሰናብቶ ወጣ። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ወንዳፈረው ከሩቅ አይቶት እጁን አነሣለት። ጥላዬም እጁ ለምን እንደታዘዘለት ሳያውቅ ሰላምታውን መለሰ።