የልጁ ቤት ዘበኛ

እሱባለውን ከመውለድ ድንጋይ መውለድ ይሻል ነበር፤ ድንጋይስ ለመሠረት ይሆናል። ይህን የምለው እኔ የሻረግ ነኝ። ንፋስ መውጫ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ኢሜይል አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። አፏ ክፉ ነው ይሉኛል። ይበሉ!

አያ ዋሴ የእሱባለው አባት ናቸው። ልጁ አዲስ አበባ መሐንዲስ ሆነና እዚህ ከተማ ቤት ሊያሠራ ሲነሣ፣ አባቱን ከአርብ ገበያ ማዶ አስጠራቸው። «ዕቃውን ይጠብቁልኝ፤ ሲያልቅ የእርጅና ማረፊያዎ ይሆናል» አላቸው። እሳቸውም በሬያቸውን ሸጡ፣ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡ፣ ጎጇቸውን ለወንድማቸው ልጅ ለቀቁ። በዚያ ብርድ ሲሚንቶ አጠገብ ጋቢ ለብሰው አደሩ።

ስልክ መደወል ክልክል ነው። «በስልክ የተነገረ ይጠፋል፤ ኢሜይል ሥራውን ሁሉ አንድ ቦታ ያስቀምጥልኛል» ባይ ነው ልጁ። ስለዚህ በየሳምንቱ አጠገቤ ቁጭ ይሉና፣ «ልጄ እሱባለው፣ እንደምን ሰነበትህ፤ እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ፣ ያቺ ጉልበቴ ብቻ…» ይላሉ። አንድ ቃል ሳልቀንስ እጽፋለሁ። መልሱ ከቀናት በኋላ ይመጣል፦ «ሰላምታ አይጻፍ። ስንት ቆርቆሮ ቀረ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው» ይላሉ እሳቸው።

ቤቱ አለቀ። አያ ዋሴ ቄስ ጠርተው ጸበል አስረጩት። አልጋቸውን የት እንደሚያደርጉ እንኳ መርጠው ነበር፤ የጠዋት ፀሐይ የምትገባበት ክፍል። ከዚያ ኢሜይሉ መጣ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

ውሸት አልችልበትም፤ አነበብኩት። «ቤቱን ለመሥሪያ ቤት አከራይቻለሁ። ሰኞ ይገባሉ። ቁልፉን ያስረክቡና ወደ አገርዎ ይመለሱ። ስለ ትብብርዎ አመሰግናለሁ።»

«ትብብር?» ጮህኩ። «ለአባት ትብብር ይባላል? እርግማን ይጻፍለት አያ ዋሴ፣ እጄ ዝግጁ ነው!»

«ተይ! ልጄን አታስረግሚኝ» አሉ። ወዴት ይሂዱ? በሬ የለ፣ ጎጆ የለ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲህ በይው። ለተከራዮቹ ዘበኛ የሚሆን ታማኝ ሰው አለ፤ በሩ ሥር ያለችው የቆርቆሮ ማደሪያ ትበቃዋለች በይው። እኔ መሆኔን ግን እንዳትጽፊ፤ ያፍራል።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ወትሮ የሚያስጠብቀን ሰውዬ ያን ቀን ወዲያው መለሰ፤ አያ ዋሴ ገና ከወንበሩ አልተነሡም ነበር።

«ዕድሜው ስንት ነው? ሽማግሌ አልፈልግም፤ በብርድ ሞቶ የአስከሬን ጣጣ ያመጣብኛል።»

ይህንንም አነበብኩላቸው። አያ ዋሴ ጋቢያቸውን አጣፉ።

«ጎልማሳ ነው በይው» አሉኝ። «መቼ መጥቶ ያየኛል።»