ሰባት ዓመት ለኒሎ ሳልሚ

ቬርና ሃውሪሉክ ነገሩን በልቧ ከጨረሰች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። በሐምሌ መጨረሻ የሃሚልተኑ የበረዶ ሆኪ ክለብ ባለቤት ግራንት መልድረም ቢሮ ገብታ ለሃያ አንድ ዓመቱ አጥቂ ለኒሎ ሳልሚ የስምንት ዓመት ውል እንስጠው ስትለው፣ ግራንት ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት። በዓመት ሰባት ሚሊዮን ዶላር ነው ያለችው።

ግራንት መነጽሩን አወለቀ። ልጁ በትልቁ ሊግ የተጫወተው ገና አንድ ዓመት ነው። ሃያ ስድስት ጎል አግብቷል፣ እሱስ እሺ። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በፊት ክለቡ እንዲሁ አንድ ዓመት ያበራ ልጅ ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ነበር፤ ልጁ በፈረመ ማግስት ጀልባ ገዝቶ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ግራንት ይህን አልረሳም። የሁለት ዓመት ውል እንስጠውና እንየው አላት።

ቬርና የክለቡ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ከመሆኗ በፊት አሥራ አምስት ዓመት ከከተማ ከተማ እየዞረች ልጆች ስትመለምል ኖራለች።

"ሁለት ዓመት ስናየው እኮ የምናየው እኛ ብቻ አይደለንም" አለችው። "ሁሉም ያየዋል። ያኔ ዋጋው እጥፍ ነው።"

"ባይሳካስ?"

"ካልተሳካ ወንበሬን ለሌላ ሰው ትሰጣለህ።"

ግራንት ትክ ብሎ አያት። "በይ እንዳልሽው" አለ በመጨረሻ።

ይልቅ የከበደው ልጁን ማሳመን ነበር። ወኪሉ በስልክ ሳይደብቅ ነግሯታል፤ አሁን ረጅም ውል መፈረም ራስን በርካሽ መሸጥ ነው፣ ኒሎ ለሁለት ዓመት ይፈርምና ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ሚሊዮን ይጠይቃል አላት። ቬርና ልጁን ፊት ለፊት ላናግረው ብላ አስፈቀደችና ልጁና እናቱ ወደሚኖሩባት ከተማ ወደ ተንደር ቤይ በረረች።

ቤታቸው ከመሄዷ በፊት ወደ ሰፈሩ የበረዶ ሜዳ ጎራ አለች። የነሐሴ ጠዋት ነው፤ የከተማው ሰው ሐይቅ ወርዷል፤ አዳራሹ ውስጥ ኒሎ ብቻውን ነበር። ልጁ ወደ ግራ ሲታጠፍ ግማሽ እርምጃ ይዘገያል። ቬርና ይህንን ካለፈው ዓመት ጨዋታዎች ጀምሮ ታውቃለች፤ ተከላካዮቹ ገና አልነቁበትም፣ እሷም ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አሁን እያየችው ወደ ግራ ብቻ ይታጠፋል፣ ይወድቃል፣ በረዶውን ከጉልበቱ ያራግፍና እንደገና ይታጠፋል። ያዘዘው ሰው የለም። አርባ ደቂቃ ያህል ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ አየችውና ሳትጠራው ወጣች። ስትመጣ የነበራት ጥቂት ጥርጣሬ እዚያው ቀረ።

እናቱ ማርኬታ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ስስ የፊንላንድ ፓንኬክ ከእንጆሪ ጋር አቀረበች፤ ቬርና ሦስተኛውን በልታ እስክትጨርስ ስለ ውል የተነፈሰ የለም። ከዚያ ማርኬታ ልጄ ቢሰበርስ ብላ ጠየቀች። ቬርና ቢጎዳም ደመወዙ እንደማይቋረጥ አስረዳቻት።

"ወኪሌ ሁለት ዓመት ብጠብቅ እጥፍ አገኛለሁ ይላል" አለ ኒሎ።

"ልክ ነው።"

እናትና ልጅ ተያዩ።

"አንተ እኔ የማስብህን ያህል ከሆንክ በርካሽ ነው የምገዛህ፤ አልዋሽህም" አለች ቬርና። "ግን የሁለት ዓመት ውል ያለው ልጅ ማታ ማታ ጎሉን ነው የሚቆጥረው። ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ አያርምም፤ ጊዜ የለውማ። እኔ የምሰጥህ ጊዜ ነው። ዛሬ ጠዋት ስትለማመደው የነበረውን ነገር ጨዋታ ላይ እየተሳሳትክ የምትማርበት ጊዜ።"

የኒሎ ጆሮ ቀላ። "አይተውኝ ነበር?"

"አርባ ደቂቃ።"

"ስንቴ ወደቅኩ?"

"መቁጠሩን ተውኩት።"

ማርኬታ በሳቅ ፈነዳች። ኒሎ ግን አልሳቀም፤ እስከ ነገ ላስብበት አለ።

በማግስቱ ቬርና ሆቴሉ ውስጥ ቁርስ እየበላች ሳለ መጥቶ ሳይቀመጥ "ሰባት ዓመት" አላት።

"ስምንት ነው ያልኩህ።"

"ሰባት። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ገና ጉልበት አለኝ። ተመልሰን እንነጋገራለን፤ ያን ጊዜ ግን ርካሽ አልሆንም።"

"ይህን ወኪልህ ነው ያስተማረህ?"

"እናቴ ናት። መሪ ይዛ ብዙ ታስባለች።"

ቬርና ሹካዋን አስቀምጣ ሳቀች። ግራንት በስልክ ጥቂት አጉረመረመ፤ ወኪሉም አጉረመረመ፤ ከሰዓት በኋላ ውሉ ተፈረመ።

ውድድሩ በጥቅምት ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ጨዋታዎች ኒሎ አንድ ጎል ብቻ አገባ። ገና ፓኩን፣ የሚጫወቱበትን ጥቁር የጎማ ክብ፣ ሲነካ ሕዝቡ ያጉረመርም ጀመር፤ አንድ ጋዜጠኛም "ውዱ ሕፃን" የሚል ስም አወጣለት። ግራንት በአንድ ጨዋታ ላይ ቬርናን ከጎኑ አስቀምጦ ወንበርሽ ተነቃነቀ አላት። እሷ ጎሉን ለጊዜው እርሳውና ልጁ ሜዳ ሲገባ ፓኩ በማን እጅ እንደሚቆይ ተመልከት አለችው። ግራንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተመለከተ። ልጁ በገባ ቁጥር ጨዋታው ወደ ባላጋራ ጎል ይጠጋል። በቀጣዩ ሳምንት አልጠራትም።

ያም ሆኖ የልጁ ልብ ተሰብሮ እንዳይሆን ሰግታ ከልምምድ በኋላ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀችው። የምትለውንም አዘጋጅታ ነበር። ኒሎ የመጫወቻ ዱላውን ፕላስተር እየጠቀለለበት ብቅ አለ።

"ሊያጽናኑኝ ነው የመጡት?"

"ያስፈልግሃል?"

"ኧረ አያስፈልገኝም። ወደ ግራ ከአሥር ሰባቱን እታጠፈዋለሁ። ታኅሣሥ ላይ አሥሩንም።"

ቬርና ያዘጋጀችውን ንግግር ይዛ ተመለሰች።

ታኅሣሥ ያለው ጥር መጨረሻ ላይ ሆነ፤ ሲመጣ ግን ጎርፍ ሆኖ መጣ። በአንድ ሳምንት ስድስት ጎል አገባ፤ በግራው በኩል ሊዘጉት የሞከሩ ተከላካዮች እርስ በርስ ተጋጩ። ዓመቱን በሠላሳ አንድ ጎል ጨረሰ። ያ ጋዜጠኛ ልጁን በስሙ ይጠራው ጀመር።

በሰኔ ግራንት ራሱ ወደ ቬርና ቢሮ መጣ። ፊቱ በርቷል። ወጣቱን በረኛ ኮርማክን ለስምንት ዓመት እንያዘው፣ ሌሎች ሳይነቁ፣ አላት።

"ለእሱ ሁለት ዓመት" አለች ቬርና።

"ዕድሜያቸው እኮ እኩል ነው!"

"ዕድሜ አይቼ አይደለም። በረኛ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ ደግሞ ይህ ልጅ ጎል ሲገባበት ገና ተከላካዮቹን ነው የሚያየው። ራሱን ማየት ሲጀምር ስምንት ዓመቱን እኔው አመጣለታለሁ።"

ግራንት ተከራከረ፤ የሚከፍለውንም ገንዘብ እሷ ከጠበቀችው በላይ ከፍ አደረገ። ንቅንቅ አላለችም። ኮርማክ ሁለት ቀን አኩርፎ ፈረመ፤ ቬርናም ሻንጣዋን መኪና ላይ ጭና ለእረፍት ወደ እህቷ እርሻ ወደ ዶፊን መንዳት ጀመረች።