በሱቁ በር የተጋደመች ዱላ

ሙስተፋ ቡታጅራ ላይ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ አዛን ሲሰማ በሩን አይዘጋም፤ ዱላውን መግቢያው ላይ አጋድሞ መስጊድ ይሄዳል። ዱላ የተጋደመበት ሱቅ ማን ደፍሮ ይገባል! ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ግን ልጁ "ዘመኑ ከፍቷል" ብሎ ከአዲስ አበባ ካሜራ አምጥቶ ገጠመለት።

አንድ ቀን የተቀረጸውን ከፍቶ ቢያይ፣ እሱ ገና ከመውጣቱ ጎረቤቱ በርበሬ ነጋዴዋ ሳሌሃ በርጩማዋን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ፍየል ታባርራለች። ሊመለስ ሲል ተነስታ ትሄዳለች። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገች አላህ ይወቅ!

ደስ ብሎት ጠርቶ አሳያት። ሳሌሃ ራሷን በምስሉ ላይ አየች።

"እኔ ሱቅህን ስጠብቅ፣ አንተ እኔን ታስጠብቅ ነበር?" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሳሌሃ በርጩማዋን ይዛ አልመጣችም፤ ሙስተፋም መስጊድ ሲሄድ ሱቁን ይቆልፋል።