እየቆጠሩ አቤት የለም

ትምህርት ቤት የተዘጋ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ አቁመውን፣ ረጅሙን እረፍት በቁም ነገር እንድናሳልፈው መከሩን። መጽሐፍ አንብቡ፣ ሙያ ልመዱ፣ ቤተሰብ አግዙ አሉ። ታላቅ ወንድሜም እኔም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበርን። ቤት ስንደርስ ግን ለእኔ ማገዙ ደረሰኝ፣ ለእሱ መተኛቱ። መተኛት የሚል ቃል ከርዕሰ መምህሩ አፍ አልወጣም፤ ከየት እንዳመጣው እስካሁን ይገርመኛል።

እማዬ ለጠየቃት ሁሉ «እሷ እንደሆነ ሥራ የላትም» ትላለች። በዚህች ቃል ስንቱ ተጠቀመብኝ። አክስቴ ሁለቱን ሕፃናቷን አራግፋብኝ ገበያ ትወርዳለች። ጎረቤት ምንጣፍ ሲያጥብ ይፈልገኛል። ወንድሜማ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ክንዱን ቢዘረጋ የሚደርስበትን ውኃ አቀብይኝ ይላል። በእኛ ቤት ልጅ ሲጠራ፣ ጥሪው ሳይደገም «አቤት» ማለት አለበት። ሕጉ ለወንድሜም ነበር፤ ድምፁ ሲጎረንን ቀረለት። እኔ ግን በእንቅልፌም አቤት እላለሁ። ደሜ እየፈላ እንኳ አፌ አቤት ይላል።

አንድ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ እትዬ ሽቦ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ሽቦ ከመንገዱ ማዶ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ የተቃጠለ ሞተር እያፈረሱ መዳቡን እንደ አዲስ የሚጠቀልሉ ሴት ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሙያቸው ይሁን ቅጥነታቸው እንጃ። ሥራው ቀጭኑን ሽቦ እንጨት ላይ እየጠመጠሙ ዙሩን መቁጠር ነው። የአንዱ ጥቅል ዙር ከሌላው ካነሰ ሞተሩ ይግልና ተመልሶ ይቃጠላል። ስለዚህ እዚያ ሱቅ የሚቆጥር ሰው አይጠራም። ስልክ ቢጮኽ፣ የቸኮለ ደንበኛ ቢመጣ፣ ቆጣሪው እስኪጨርስ ሁሉም አፉን ይዞ ይጠብቃል። ይህን ሳይ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እጄ ቶሎ ለመደ። እትዬ ሽቦ አንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሰጡኝ፤ ጥቅሎቹን ብቻዬን ከጨረስኳቸው እረፍቱ እስኪያልቅ ከጎናቸው እንደምሠራ ነገሩኝ። የመጀመሪያውን ጥቅል ሳጋምስ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ተጣራ።

«አቤት» አልኩ።

ቁጥሩ ከጭንቅላቴ ብን አለ። ወንድሜ የመጣው ሸሚዙ እንዲተኮስለት ነው። የተጠመጠመ ሽቦ ሲፈታ ልባሱ ይላጣል፣ ዳግም ለሥራ አይሆንም። እትዬ ሽቦ መዳቡን ቆርጠው ጣሉትና አንድ ጊዜ ይቅር እንደሚሉ፣ ከደገምኩት ግን ቤቴ መቀመጥ እንደሚሻለኝ ነገሩኝ። «እየቆጠሩ አቤት የለም» አሉ። ቤት ገብቼ ሸሚዙን ተኮስኩ። ኮሌታውን ባቃጥለው እንዴት ደስ ባለኝ፤ አንጀቴ እያረረ ልቅም አድርጌ ተኮስኩለት። ከእሱ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ።

በማግስቱ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ጥቅሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እማዬ ራሷ መጣችና ጠራችኝ። አቤት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጥርሴን ነክሼ መለስኩትና ድምፄን አውጥቼ መቁጠር ያዝኩ። ደግማ ጠራችኝ፤ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። እናቴ ሁለቴ ስትጠራኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነበር። ሦስተኛ ልትጣራ ስትል እትዬ ሽቦ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው የደንበኛ ወንበር ሳቡላት። እማዬ ተቀመጠች። ፊቷ ሲጠቁር በጎን ይታየኛል። ቁጥሩን ግን አልሳትኩም።

የመጨረሻውን ዙር ጨርሼ ጫፉን አሰርኩ። ከዚያ ዞር ብዬ «አቤት፣ እማዬ» አልኩ።

እማዬ፣ አክስቴ ልጆቿን ይዛ ቤታችን በር ላይ እንደቆመች፣ እኔም ሰው ፊት እንዳዋረድኳት ነገረችኝ። ንዴቷ ከእኔ አያንስም ነበር። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። የእኔ ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል።

«ወንድሜ ቤት የለም?» አልኳት።

«ተኝቷል።»

«እንግዲያው ቀስቅሺው።»

እማዬ ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት፣ ሽቦውን አዲስ እንጨት ላይ አሰርኩና «አንድ» አልኩ።