የዳገት ረዳት

«መኪናዋ የታለች?»

አሮጊቷ የተሰጣትን ሻይ ሳትቀምሰው አስቀመጠችና በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተች። መኪናዋ ዘወትር በምትቆምበት ቦታ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል።

«አማችሽ ጠዋት ይዟት ወጣ» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤት።

«ብቻውን?»

«ታዲያ ከማን ጋር ይሁን?»

«ወይኔ! ዳገቱ ላይ ማርሹን ማን ሊይዝለት ነው?»

ጥግ ላይ ከተቀመጡት ለቀስተኞች አንዷ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ አለች። «የባሏ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ለመኪና ትንሰፈሰፋለች።»

«ተያት እባክሽ፤ ሐዘን መልኩ ብዙ ነው።»

ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነበር። ሰውን ሁሉ ወደየመንገዱ ሸኝቶ እሱ ከትኬት መስኮቷ ጀርባ ይቀር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያቺን መኪና ገዛ፤ ስንት ባለቤት የቀያየረች፣ ብዙ አገር ያዳረሰች፣ ኪሎሜትር ቆጣሪዋ ደክሞት የቆመ። «እሷም እንደኛ ዕድሜዋን መናገር ትታለች» ይል ነበር። የሾፌሩ በር የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሚስቱ ቀድማ በራሷ በኩል ትገባና ተንጠራርታ ትከፍትለታለች። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ክላክሱ በራሱ ጊዜ ይጮኻል፤ ሰፈሩ መምጣታቸውን የሚያውቀው በዚያ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ሁለተኛው ማርሽ ካልተያዘ ያመልጣል። እሱ ከመሪው ጋር ሲታገል፣ ማርሹን ጥርሷን ነክሳ የምትይዘው እሷ ናት።

«ረዳት! ያዢ!» ይላል ዳገቱ ሲጀምር።

«ይዣለሁ! አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ገደል ትከተናለህ፤ አሠራት!»

«ካሠራኋትማ አንቺን ከሥራ ማባረሬ ነው።»

ዳገቱ ሲያልቅ እጁን እጇ ላይ ደርቦ ማርሹን ይቀይራል። ከዚያ ሌላ፣ ሰው እያየ እጇን ይዞ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ በግራ ታጥፋ ወደ ግቢው ገባች፤ ክላክስ የሰማ የለም። አማቹ በኩራት እየሳቀ ወረደ። አሮጊቷ በመስኮቱ አይታው ወጣች።

«እማማ፣ ይኸው! በሩ፣ ክላክሱ፣ ማርሹ፣ ሁሉም ተሠራ። መካኒኩ ጓደኛዬ ሌላ ሥራውን ትቶ ሲሠራት ዋለ።»

«ማን አሠራ አለህ?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እርስዎ ሁልጊዜ ‹ትሠራ› ሲሉ ስሰማ… ደስ ይበልዎት ብዬ ነው።»

«እኔ እሱ እንደተዋት ትቆይልኝ ነበር! እሱ እንደተዋት!»

ልጇ ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጣች። «እማዬ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አመላልሽባት ብለሽ የሰጠሽኝ አንቺው አይደለሽ? ዳገት ላይ ማርሹ ቢያመልጠኝ፣ ከጎኔ ማን አለ? ካልሆነልሽ ግን እዚሁ ትቁምልሽ። አልነካትም።»

አሮጊቷ የልጅ ልጆቿ ከኋላ ወንበር ተደርድረው፣ መኪናዋ ቁልቁል ስትንሸራተት ታያት።

«ምን ታሟርቻለሽ አንቺ!» አለችና ወደ አማቿ ዞረች። «እስቲ ዳገቱን አሳየኝ።»

ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች። ዳገቱ ሲጀምር እጇ ማንንም ሳይጠይቅ ማርሹን ጨበጠ። ማርሹ ጭጭ ብሏል፤ አይንቀጠቀጥም፣ አይገፋም። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ሥራ የፈታ እጅ እንዲህ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም።

«ያዘ፣ አይደል?» አለ አማቹ በፍርሃት።

«ያዘ ልጄ። እጅህ ይባረክ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ሲመለሱ ልጇ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ አገኟት።

«ግቢ፣ ሞክሪያት» አለቻት እናቷ።

ገባች። መሪውን ያዘች፤ እግሯን ዘረጋች።

«ፍሬኑ ጋ አይደርስልኝም።»

አማቹም እንደ ሟቹ ቁመተ ረጅም ስለሆነ ወንበሩን የነካው የለም። አባቷ ለራሱ እግር እንዳመቻቸው ነበር። አማቹ ሊያስተካክለው ጎንበስ ሲል አሮጊቷ ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ። እኔ።»

በተከፈተው በር ሥር ተንበርክካ ከወንበሩ በታች ያለውን ማስተካከያ ብረት በዳበሳ አገኘችው። ሳበችውና ወንበሩን ከነልጇ ወደ ፊት ገፋችው።

«ደረሰ?»

«ትንሽ ይቀራል፣ እማዬ።»

እንደገና ገፋች። «አሁንስ?»

«ደረሰ።»

ብረቱን ወዲያው አልለቀቀችውም። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ ለቀቀችው።