የዘመናይ የጾም ተዝካር

ዘመናይ በ1921 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አዳማ ውስጥ ሞተች። ወባ ነበር፤ ሳምንት እንኳ አላቆያትም። ባሏ ሃምሳ አለቃ ገሠሠ በወጉ አስቀበራት፣ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ፣ "እግዜር ያጥናህ" ላለው ሁሉ አንገቱን ዝቅ እያደረገ መለሰ። አላለቀሰም። ወታደሮቹ ይህን ከጽናት ቆጠሩለት። እሱ ግን አብረው ከኖሩበት ዘመን ተለያይተው የኖሩበት እንደሚበልጥ ነበር የሚያስበው።

ከቡልጋ በበቅሎ አምጥቶ፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለው የወታደር ሰፈር ጎጆ ቀልሶላት፣ ዓመት ሳይሞላ ወደ ቦረና ጠረፍ ዘመተ። ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ልጅ አልወለዱም። በመጣ ቁጥር ግን ግቢው ውስጥ አንድ አዲስ ነፍስ ይጠብቀዋል፤ አንዴ ባቡር እግሯን የቆረጣት ውሻ፣ አንዴ ክንፉ የተሰበረ ጅግራ፣ ሌላ ጊዜ እናቷን አዳኝ የገደለባት የሚዳቋ ግልገል።

"ይህ ቤት ነው ወይስ የኖኅ መርከብ?" ይላታል።

"መርከቡ ባይኖር ሰውም አይተርፍም ነበር" ትለዋለች፤ ስትናገር እጇ ሥራ አይፈታም።

በመካከላቸው የተነሣው ትልቁ ጠብ የበቅሎ ጠብ ነው። አንድ ዓመት ጦሩ ሊንቀሳቀስ ሲል፣ ጀርባቸው የገጠበ የጭነት በቅሎዎች ሜዳ ላይ እንዲተዉ ታዘዘ። ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ገሠሠ ነበር። ዘመናይ ነጠላዋን አደግድጋ በወታደሩ ሁሉ ፊት መጣችና ቁስሏ የባሰባትን አንዷን በልጓሟ ያዘች።

"ይህችን ይስጡኝ።"

"የመንግሥት ናት። አልሰጥም።"

"ለጅብ ሊጥሏት አይደል? እንግዲያው ጅቡ እኔ ልሁን።"

ወታደሮቹ ሳቁ። ገሠሠ አፈረ። በቅሎዋን ለቀቀላት፤ ሳይሰናበታት ግን ዘመተ። ሲመለስ በቅሎዋ ድና እንጨት ትጭን ነበር። ዘመናይ ቁስሏን ለብ ባለ የጨው ውሃ እያጠበች፣ እሬት እየቀባች ነው ያዳነቻት። ስለ ጠቡ ሁለቱም ዳግም አላነሡም።

አርባዋ ሲቆጠር ኅዳር ጽዮን ላይ ዋለ፤ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ማለት ነው። የገሠሠ አለቃ ባሻ ኃይለየሱስ ይህን አስልተው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቅ አሉ። ሚዜው ነበሩና በቤቱ ጉዳይ መግባት ልማዳቸው ነው።

"ቅበላው ሳያልፍ እናውጣላት" አሉት። "ሥጋ የሌለው ተዝካር ምን ተዝካር ነው? በሬው እንደሆነ ከደጅህ ታስሯል።"

"እሺ ባሻ" አለ ገሠሠ።

በሬው መልኩ ዳልቻ፣ ስሙም ዳልቻ ነበር። ገሠሠ በሬውን የሚይዝለት ሰው ፈልጎ መርዳሳን አስጠራ። መርዳሳ ከከተማው ዳር የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ከዘመናይ ጋር ቤተኛ ነበር። መጥቶ ቆመና በሬውን ሲያይ ቆየ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይህን በሬ ያውቁታል?"

"በሬ ነው። ምኑን ነው የማውቀው?"

"እናቱ የእኔ ላም ነበረች። በወለደችው ሰሞን የከብት በሽታ ከብቶቼን ጨረሰብኝ። ጥጃውም አይተርፍም ብዬ ልጥለው ስል፣ እመት ዘመናይ 'ለእኔ ተወው' አሉኝ። ጣታቸውን በፍየል ወተት እየነከሩ አስጠብተው አሳደጉት። ለእርሻ ሲደርስ ደግሞ መልሰው ለእኔ ያውሱኝ ጀመር። አንድ በሬ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከዳልቻ ጋር ተጠምዶ ነው ልጆቼ እህል የበሉት።"

"አይታረድ ነው የምትለኝ?"

"እኔ ምን አግብቶኝ? ያዝ ካሉኝ ገመዱን እይዛለሁ። ቢላዋ ግን አልይዝም።" ይህን ብሎ "ዋቃ ነፍሳቸውን ይማር" አለና ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ ብርድ ነበር። ገሠሠ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ስቦ ደረበና ወደ በረቱ ወጣ። ጋቢው የእሷ መሆኑን ልብ አላለም። ዳልቻ ገና ሲያየው ተነሣ፣ መጣ፣ አፍንጫውን ከጋቢው ጫፍ ላይ አድርጎ ይልስ ጀመር። ቢገፋው አልሄደም። ገሠሠ ጫፉን አነሣና አየው፤ ተቋጥሯል። ቢፈታው ከአሞሌ የተሸረፈ ጨው አገኘ። በመዳፉ አድርጎ ሰጠው። ጨው ሲያልቅ በሬው መዳፉን ጥቂት ላሰና ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ቤቱ በር ተመለከተ። ገሠሠም ሳያስበው ዞሮ አየ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ባሻ ዘንድ ሄደ።

"ተዝካሩ በቀኑ ይሁን" አላቸው።

"በጾም?"

"በጾም።"

"ሰው ምን ይላል? የወታደር ሚስት በሽሮ ተሸኘች ሊባል ነው!"

"ይባል። እሷ በእጇ ያሳደገችውን በልታ አታውቅም። እኔም በተዝካሯ አላስበላም።"

ባሻ ተቆጡ፣ መለስ አሉ፣ እንደገና ተቆጡ። ገሠሠ ቆሞ ሰማቸው። ነገሩን ግን አልለወጠም።

በኅዳር ጽዮን ሽሮው፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ተልባው ተሰናዳ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ገበታ ሲቀርብ፣ ገሠሠ ያላሰበው ሰው መጣ። እርድ የለም መባሉ በገበያ ተሰምቶ ኖሮ፣ ከክርስቲያን እርድ የማይበሉት እስላሞቹም ገብተው ከሌላው ጋር ተቀመጡ። ከእነሱ መካከል ሳሊህ የሚባል የግመል ነጋዴ ነበር።

"በእናንተ ድግስ ሁልጊዜ ለእኛ ለብቻ ነው የሚሰናዳው" አለ ሳሊህ እጁን እየታጠበ። "ዛሬ ከአንድ ገበታ ልንቀምስ ነው።"

"ሚስቴን ታውቃት ነበር?" አለው ገሠሠ።

"ስማቸውን የሰማሁት አሁን ነው። ግመሌ ታነክስ ነበር። እኔ እየነዳሁ ሳልፍ አስቆሙኝና እግሯን አስነሥተው እሾህ ነቀሉላት። ከዚያ ተቆጡኝ። ግመሏ እንደ ሰው እኮ ነው ያዳመጠቻቸው!"

በዙሪያው ያሉት ሳቁ፤ ሌላውም የሚያውቀውን ያነሣ ጀመር። ገሠሠ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ጠላ፣ ለእስላሞቹም ብርዝ ቀዳ። የሚወራላት ሴት በአብዛኛው ለእሱም አዲስ ነበረች። ባሻ ኃይለየሱስ ሽሮውን አኩርፈው ቢጀምሩም ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ዳልቻን ገሠሠ ለመርዳሳ ሰጠው። ሚዳቋዋ አንድ ቀን ወደ ቁጥቋጦው ገብታ አልተመለሰችም። በቅሎዋ በክረምቱ ሞተች። በሁለተኛው ዓመት ገሠሠ ዘርፉ የምትባል የሞጆ ሴት አገባ። ደግ ሴት ነበረች፤ ውሻ ግን ከቤት ሲገባ አትወድም። እሱም አላስገደዳትም፤ ባለ ሦስት እግሯን ውሻ ለመርዳሳ ልጆች ወሰደላቸው።

ዘርፉ በኋላ ለጎረቤት ስታወራ፣ ባሏ ከገበያ ሲመለስ ሁልጊዜ እንደሚያመሽ፣ መንገዱን በመርዳሳ ደጅ በኩል እንደሚያደርግ ትናገር ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።